የሙያ ፍቅርና ደመወዝ፦ አንዱ የሌላውን ቦታ ይሸፍናል?

በግንቦት 2017 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የመንግሥት ጤና ተቋማት የሚሠሩ ሐኪሞች፣ ነርሶችና ሌሎች ባለሙያዎች ለደመወዝና ለጥቅማ ጥቅም ጥያቄያቸው ምላሽ ሲያጡ በከፊል ሥራ አቆሙ። በጉዳዩ የታሰሩ ባለሙያዎችም ነበሩ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ መንግሥት ለሠራተኞቹ በሙሉ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የሚጸና የደመወዝ ማሻሻያ ይፋ አደረገ። የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር፣ ዝቅተኛው ከ4,760 ወደ 6,000 ብር፣ ከፍተኛው ከ21,492 ወደ 39,000 ብር አደገ።

ቁጥሩ ከተነገረ በኋላም ክርክሩ አልበረደም። በሻይ ቤቱም፣ በታክሲውም፣ በማኅበራዊ ሚዲያውም ሁለት ድምፆች ሲመላለሱ ከረሙ። አንደኛው ሐኪምነትና መምህርነት ጥሪ እንጂ ንግድ አይደሉም፤ መሐላ የፈጸመ ሰው ታማሚ አስተኝቶ ስለ ብር አያወራም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ጥሪ የቤት ኪራይ አይከፍልም፤ ሥራ እንጀራ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማባበያ ነው ይላል።

ሁለቱ ወገኖች የተራራቁ ቢመስሉም የሚጋሩት አንድ ሐሳብ አለ። የሥራ ትርጉምና የሥራ ዋጋ በአንድ ሚዛን ላይ የተቀመጡ፣ አንዱ ሲጎድል ሌላው የሚሞላው ነገሮች አድርገው ያዩዋቸዋል። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብና ትርጉም የየራሳቸው ተግባር አላቸው፤ የአንዱን ጉድለት በሌላው ለመሸፈን ሲሞከር ብዙ ጊዜ ሁለቱም ይበላሻሉ። እንዴት እንደሚበላሹ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠና ቆይቷል።

## እንጀራ፣ ዕድገት፣ ጥሪ

አማርኛ ሰው ከሥራው ጋር ያለውን ዝምድና የሚገልጽባቸው ቃላት አያንሱትም። «እንጀራዬ ነው» የሚል ሰው ሥራው የሚያኖረው መሆኑን፣ ከዚያ በላይ እንዲጠየቅ አለመፈለጉንም ጭምር ይናገራል። «ሙያ» ከዕለት ጉርስ ይሰፋል፤ ወጥ የሚጥምላት ሴትም፣ የሠራው ጣሪያ የማያፈስ አናጢም ባለሙያ ይባላሉ። ምስጋናው ለሥራው ጥራት ነው። «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባልም ችሎታን ከታይታ ይለያል። «ጥሪ» ግን ከመንፈሳዊው ዓለም የመጣ ቃል ነው፤ ጠሪ አለው፤ የተጠራውም ሰው እምቢ ለማለት ይቸግረዋል። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ወደ ኋላ ያስፈልገናል።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤሚ ሬዝኔስኪና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ክፍፍል አቅርበዋል። አንዳንዱ ሠራተኛ ሥራውን የገቢ ምንጭ ብቻ አድርጎ ይይዘዋል፤ አንዳንዱ የዕድገት መሰላል ያደርገዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሥራው ለራሱ ለሥራው ሲል ይገባዋል፣ ከማንነቱም ጋር ይጣበቃል። ትኩረት የሳበው የሰዎቹ አከፋፈል ነበር። ተመሳሳይ ሥራ የሚሠሩ 24 የቢሮ ረዳቶች ለብቻቸው ሲታዩ ወደ ሦስቱ ክፍሎች እኩል በሚባል ደረጃ ተከፋፈሉ። የሥራው መጠሪያ አንድ ነው፤ የያዙበት መንገድ ግን ይለያያል።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያውስ ትርጉም የአመለካከት ጉዳይ ነው፤ ሠራተኛው አስተሳሰቡን ያስተካክል» ማለት ቀላል ነው። በብዙ የማነቃቂያ ንግግሮችም የሚባለው ይኸው ነው። ጥናቱ ግን ያንን አላለም። የተጠየቁት ሰዎች የወር ወጪያቸው በአንድ ዓመት ውስጥ እጥፍ የሆነባቸው አልነበሩም።

## ገንዘብ የሚችለውና የማይችለው

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። በሥራ ማቆሙ ሰሞን የአንድ ጠቅላላ ሐኪም የወር ደመወዝ ወደ 80 ዶላር እንደሚጠጋ በስፋት ተዘግቧል። በመካከሉ፣ በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የተደረገው ማስተካከያ ዝቅተኛውን ደመወዝ ከ1,500 ወደ 4,760 ብር ሲያደርሰው ከፍተኛውን ከ20,468 ወደ 21,492 ብር ብቻ ከፍ አደረገው። አምስት በመቶ መሆኑ ነው። ኑሮ አንገቱ ላይ ለደረሰበት ዝቅተኛ ተከፋይ ማድላቱ ተገቢ ምክንያት ነበረው። ይሁንና ዕድሜውን በትምህርትና በአገልግሎት ያሳለፈ ሰው ከዚያ ቁጥር ያነበበው ሌላ ነገር ነበር።

ደመወዝ ዳቦ ይገዛል፤ ከዚያም ባሻገር ይናገራል። ለሠራተኛው «ይህን ያህል እናይሃለን» የሚል መልእክት አለው፤ ከጎኑ ካለው ሰው ጋርም ያስተያየዋል። ስለዚህ ስለ ብር የሚያነሣ ሰው ሁሉ ስለ ብር ብቻ የሚያወራ ተደርጎ ሲወሰድ የጥያቄው ግማሽ ይጠፋል።

ፍሬድሪክ ሄርዝበርግ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ማብቂያ በፒትስበርግ አካባቢ ወደ 200 የሚጠጉ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን በሥራቸው በጣም የተደሰቱበትንና በጣም የከፉበትን ጊዜ እንዲነግሩት ጠየቀ። ከመልሶቻቸው የደረሰበት መደምደሚያ እስከ ዛሬ ያከራክራል። እንደ እርሱ አባባል ደመወዝ፣ የአለቃ ጠባይና የሥራ ቦታ ሁኔታ ሲጎድሉ ሰውን ያስከፋሉ፤ ሲሟሉ ግን ቅሬታውን ያነሡለታል እንጂ ደስታ አይሰጡትም። ደስታው የሚመጣው ከራሱ ከሥራው፣ ከውጤቱ፣ ከኃላፊነትና ከዕውቅና ነው። ተቺዎቹ የሰው ልጅ ስኬቱን ለራሱ፣ ውድቀቱን ለአካባቢው መስጠት ስለሚወድ ክፍፍሉ ከአጠያየቁ የመጣ ሊሆን ይችላል ይላሉ። ትችቱ ተገቢ ነው። የሐሳቡ አንኳር ግን ይቆማል፦ የእርካታ ማጣት ተቃራኒው እርካታ ላይሆን ይችላል። የተራበን ሰው ማብላት ግዴታ ነው፤ መጥገቡ ግን ለምን እንደሚኖር አይነግረውም።

«ገንዘብ ደስታን አይገዛም» በሚለው ላይም ሳይንሱ እንደሚወራው የተቆረጠ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አንገስ ዲተን እ.ኤ.አ. በ2010 በአሜሪካ የዕለት ተዕለት ደስታ ከገቢ ጋር የሚያድገው በዓመት እስከ 75,000 ዶላር ገደማ ድረስ ነው ብለው ነበር። ማቲው ኪሊንግስዎርዝ በ2021 ዕድገቱ እንደማይቆም አሳየ። በ2023 ካህነማንና ኪሊንግስዎርዝ መረጃውን አብረው መርምረው ለአብዛኛው ሰው ደስታ ከገቢ ጋር ማደጉን እንደሚቀጥል፣ ጣሪያው የሚታየው በተለይ ደስታ በራቃቸው ጥቂቶች ላይ እንደሆነ ተስማሙ። ሁለቱም ወገኖች የሚነጋገሩት በ11,500 ብር መነሻ ደመወዝ ስለሚኖር ሰው እንዳልሆነ ልብ ይሏል። በዚህ የገቢ ደረጃ ገንዘብ ለኑሮ ያለው ፋይዳ አያጠያይቅም፤ ልዩነቱ አንድ ምሩቅ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ተከራይቶ መኖር በመቻልና ባለመቻል መካከል ነው።

ደመወዝ ብቻውን ሰውን ሥራ ላይ እንደማያቆይ የሚያሳይ ማስረጃ ደግሞ ከዚሁ ከኢትዮጵያ አለ። ኢኮኖሚስቶቹ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በአምስት ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ካመለከቱ አንድ ሺህ ገደማ ሰዎች መካከል ማን እንደሚቀጠር በዕጣ እንዲወሰን አድርገው ተከታተሏቸው። አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። ከተቀጠሩት መካከል ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆኑት በአንድ ዓመት ውስጥ ከዚያ ድርጅት ለቀቁ። ክፍያው ውጭ በግል ከሚሠራው ሥራ የተሻለ አልነበረም፤ የጤና ጉዳቱ ግን ከፍ ያለ ነበር። ይህን «ወጣቱ ሥራ አይወድም» ብሎ መተርጎም ከማስረጃው ጋር ይጋጫል። ሰዎቹ ከድርጅቶቹ ወጥተው ሌላ ሥራ ፈልገዋል፤ ያመዛዘኑት ደመወዝን፣ ጤናንና በራስ ጊዜ ማዘዝን በአንድነት ነበር።

## ትርጉም ከምን ይበቅላል?

ሪቻርድ ሃክማንና ግሬግ ኦልድሃም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሥራን ትርጉም ያለው የሚያደርጉ ባሕርያትን ለይተው አውጥተዋል። ሥራው የተለያየ ችሎታ ይጠይቃል ወይ? ሠራተኛው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ሙሉ ነገር ሲሠራ ያያል ወይ? ለሌላ ሰው ሕይወት ይጠቅማል? እንዴት እንደሚሠራው የመወሰን ነጻነት አለው? በደንብ መሥራቱንስ በምን ያውቃል? ጥያቄዎቹ ተራ ይመስላሉ፤ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይዞ ገብቶ ሲጠየቅባቸው ግን ብዙ ያሳያሉ። አንድ ባለጉዳይ ከመስኮት መስኮት ሲላክ የሚውልበት ቢሮ ባለጉዳዩን ብቻ አያደክምም። እያንዳንዱ ሠራተኛ የጉዳዩን አንዲት ቁራጭ ነክቶ ስለሚያሳልፍ ሰውየው በመጨረሻ ካርታውን ያግኝ አያግኝ አያውቅም። ማኅተም ሲመታ ውሎ ማንን እንደረዳ ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የተጀመረው «መሶብ» የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የሚወደሰው ለባለጉዳዩ ጊዜ በመቆጠቡ ነው፤ ለሠራተኛው ያለው ፋይዳ ሲነሣ ግን አይሰማም። የባለጉዳዩን ፊት እስከ መጨረሻው ማየት ቀላል ነገር አይደለም።

አዳም ግራንት የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ጥናት ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሠራተኞች በእነርሱ ድካም የትምህርት ዕድል ካገኘ ተማሪ ጋር ለአምስት ደቂቃ ያህል እንዲነጋገሩ ተደረገ። ከወር በኋላ በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜም፣ የሚያሰባስቡት ገንዘብም ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ደመወዛቸው አልተነካም።

ሬዝኔስኪና ጄን ደተን ደግሞ በአንድ ሆስፒታል የጽዳት ሠራተኞችን አነጋገሩ። ከፊሎቹ ሥራቸውን መጥረግና መወልወል ብለው ገለጹት። ከፊሎቹ ግን ብቸኛ የሆነውን ታማሚ ያጫውታሉ፣ መንገድ የጠፋውን ጠያቂ ይመራሉ፣ ራሱን ስቶ በተኛው ሰው ክፍል የተሰቀለውን ሥዕል ቦታ ይለዋውጣሉ፤ ራሳቸውንም ከሚያድኑት ወገን ይቆጥራሉ። ተመራማሪዎቹ ይህን ሥራን በገዛ እጅ መቅረጽ ብለው ሰየሙት። ሠራተኛው የተሰጠውን ሥራ ዳርቻ በጥቂቱ እየገፋ የራሱ ያደርገዋል ማለት ነው። ለዚህ ግን ዳርቻውን የመግፋት ፈቃድ ያስፈልጋል። እያንዳንዷ እርምጃ በቅጽ በሚሞላበት፣ ከተባለው ውጪ ያደረገ በሚገሠጽበት ቦታ መቅረጽ የለም።

በእኛ አገር የሙያ ፍቅር ምሳሌ ሲፈለግ በተደጋጋሚ ከሚነሡት አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። በልጅነታቸው በምጥ ምክንያት በደረሰባቸው ፊስቱላ ለሕክምና አዲስ አበባ መጥተው በሐኪሞቹ ሬጂናልድና ካትሪን ሃምሊን እጅ ታከሙ። ማሚቱ ቀለም አልቆጠሩም ነበር። አልጋ ከማንጠፍና መሣሪያ ከማቀበል ተነሥተው ቀዶ ሕክምናውን እስከ መሥራትና ለሌሎች ሐኪሞች እስከ ማሳየት ደረሱ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ከእንግሊዝ የቀዶ ሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። ታሪካቸው የሚነገረው እንደ መሥዋዕትነት ታሪክ ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያየው ግን ሃክማንና ኦልድሃም የዘረዘሩት ሁሉ ተሟልቶ ያለበት ሥራ ነው። የሚያስተምራቸው ሰው ከጎናቸው ቆሟል፤ መሣሪያው በእጃቸው አለ፤ ኃላፊነቱ በችሎታቸው ልክ አድጓል፤ ታክማ የምትወጣውን ሴት በዓይናቸው ያያሉ፤ የእርሷን ሥቃይም ከማንም በላይ ያውቁታል። ጽናታቸው የራሳቸው ነው። የበቀለበትን መደብ ያዘጋጀው ግን አንድ ተቋም ነው።

አሁን ይህን ከሌላ የሆስፒታል ክፍል ጋር እናስተያየው። ጓንትና የመስፊያ ክር ታማሚው ከውጭ ገዝቶ እንዲመጣ የሚላክበት፣ ምን ማድረግ እንዳለበት የሚያውቅ ሐኪም ማድረግ የማይችልበት ክፍል ነው። ለዚህ ሁኔታ በቅርብ ዓመታት ሁለት ስሞች ይሰጣሉ። አንደኛው «በርንአውት» ነው፤ የሙያ መዛል ልንለው እንችላለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ ጉልበት መሟጠጥ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ ውጤታማነት መቀነስ። ሁለተኛው የሕሊና ቁስል ነው። በመጀመሪያ ለወታደሮች የተነገረ ቃል ሲሆን ኋላ ወደ ሕክምናው ገባ፤ ትክክለኛውን ነገር እያወቁ በሥርዓቱ ምክንያት ሳያደርጉ መቅረት በሰው ውስጥ የሚተወው ጉዳት ነው። ሥራውን እንደ ዕለት ጉርስ ብቻ የያዘ ሰው ከዚህ ቁስል በመጠኑ ይጠበቃል። ክፉኛ የሚጎዳው ሥራውን የወደደው ነው።

## ደቦ በክፍያ ቢሆንስ?

ገንዘብ ሲጨመር የሙያ ፍቅር ይቀንሳል የሚል ክርክርም አለ፤ ባዶ ክርክር አይደለም። ደቦ የወጣ ገበሬ ጠላና እንጀራ ቀርቦለት፣ እየዘፈነ የጎረቤቱን እህል ያጭዳል። ባለቤቱ በማግስቱ ለእያንዳንዱ የቀን ሠራተኛ ዋጋ ቆጥሮ ቢሰጥ ሰዎቹ ደስ ከመሰኘት ይልቅ ቅር ሊላቸው ይችላል፤ ዝምድናው ወደ ቅጥር ተለውጧልና። ኤድዋርድ ዴሲ እ.ኤ.አ. በ1971 በተማሪዎች ላይ ያየው ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። እንቆቅልሽ ለሚፈቱ ተማሪዎች በፈቱት ልክ ሲከፈል ቆይቶ ክፍያው ሲቋረጥ፣ በነጻ ጊዜያቸው ለጨዋታው የሚሰጡት ትኩረት ቀነሰ። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ በርካታ ጥናቶች ሲሰባሰቡ ግኝቱ ሁልጊዜ እንደማይደገም ታይቷል፤ ውጤቱ ክፍያው በቀረበበት መልክ ይወሰናል። ሰውን ለመቆጣጠርና ለማባበል የቀረበ ሽልማት ፍላጎትን ያደበዝዛል። ለተሠራ ሥራ የሚገባ ዋጋ ሆኖ የሚሰጥ ግን እንዲህ አያደርግም።

ዛምቢያ ውስጥ የተደረጉ ሁለት ሙከራዎች ጉዳዩን ጥሩ አድርገው ያሳያሉ። በሉሳካ ፀጉር ቤቶች የሴት ኮንዶም ለሚሸጡ ባለሙያዎች ከገንዘብ ኮሚሽን ይልቅ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የኮከብ ሰንጠረዥ የበለጠ ሽያጭ አስገኘ። ይህ «ዕውቅና ይበቃል» ለሚሉት ይመቻል። በሌላው ሙከራ የአገሪቱ የጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2010 የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞችን ሲቀጥር በከፊሎቹ ወረዳዎች ማስታወቂያው ማኅበረሰብን ማገልገልን፣ በከፊሎቹ የሙያ ዕድገትን አጉልቶ እንዲወጣ ተደረገ። በዕድገት የተሳቡት «ራስ ወዳድ» ይሆናሉ ተብሎ የሚፈራው አልሆነም። በኋላ ሲለኩ የቤት ለቤት ጉብኝታቸው በ29 በመቶ በልጦ ተገኘ። ለራሱ መሻሻልን የሚፈልግ ሰው ለሌላው የሚያስብ ልብ የለውም ማለት እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ግልጽ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

## ጥሪ ዕዳ ሲሆን

የጉዳዩ ከባድ ክፍል እዚህ ነው። ስቱዋርት በንደርሰንና ጄፍሪ ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን አሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች የሚሠሩ ጠባቂዎችን አጠኑ። ብዙዎቹ ዲግሪ አላቸው፤ ክፍያቸው ዝቅተኛ ነው፤ ሥራው እበት መጥረግን ይጨምራል፤ ግን ለዚህ የተፈጠርን ነን ይላሉ። ይህ ስሜት ለሥራቸው ትርጉምና ለራሳቸው ኩራት ሰጥቷቸዋል። በዚያው ልክ ደመወዝ፣ የግል ጊዜና ምቾት እንዲሠዉ አድርጓቸዋል፤ አለቆች ይህን መጠቀሚያ ያደርጉታል የሚል ጥርጣሬም ነበራቸው። ተመራማሪዎቹ ጥሪን ሁለት አፍ ያለው ሰይፍ ብለውታል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የተመልካቹን ዓይን መረመረ። ሰዎች አንድ ሠራተኛ ሥራውን ይወዳል ብለው ሲያምኑ ያለ ክፍያ ትርፍ ሰዓት ቢታዘዝ፣ ከሥራ ድርሻው ውጪ ቢላክ አግባብ ነው ለማለት ይቀናቸዋል። ያለ ክፍያም ቢሆን ይሠራው ነበር ብለው ያስባሉና።

በግንቦት 2017ቱ ክርክር «መሐላችሁን አትርሱ» ይል የነበረው ድምፅ በዚህ መንገድ ነው የሚሠራው። ጥሪው የባለሙያው ነበር፤ በሌላ ሰው አንደበት ሲጠቀስ የሚሰበሰብ ዕዳ ሆነ። የተረኝነት፣ በሙያው ሰዎች አጠራር የ«ዲዩቲ»፣ ክፍያ መዘግየት የሒሳብ ክፍል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሐኪሙ የሕሊና ፈተና ሆነ።

ከዚህ በፊትም ያየነው ነገር ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ30 ሺህ በላይ ሴቶችን አሠልጥኖ በደመወዝ ቀጠረ፤ በየቀበሌው ያስገኘውም ለውጥ በዓለም ተመስክሮለታል። ቆየት ብሎ በ2003 ዓ.ም. ገደማ የተዋቀረው የሴቶች ልማት ሠራዊት ግን የተመሠረተው ያለ ክፍያ በሚያገለግሉ ሴቶች ላይ ነበር። የሰው ልጅ አጥኚው ኬኔት ሜስና ባልደረቦቹ በገጠር አማራ ያደረጉት፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት እነዚህ በጎ ፈቃደኞች ከጎረቤቶቻቸው ይልቅ የተቸገሩና በሥነ ልቦና የተጨነቁ ሆነው እንደተገኙ ያሳያል። ለጎረቤት ልጅ ማሰብ ትርጉም እንዳለው እነዚህ ሴቶች ማንም ሊነግራቸው አያስፈልግም። ቤት ዱቄት በሌለበት ጊዜ የሌላውን ቤት ለመቁጠር መውጣት ግን ትርጉሙን ራሱን ያስጨንቀዋል። በፈቃድ የሚሰጥ አገልግሎት ፈቃዱ ሲጎድለው የሚቀረው ነጻ ጉልበት ነው።

የመንግሥት በጀት ውስን መሆኑ እውነት ነው። ከዓለም ገንዘብ ድርጅት ጋር በተደረሰ ስምምነት የበጀት ግብ የተቀመጠለት፣ በጦርነት የወደሙ ጤና ጣቢያዎችና ትምህርት ቤቶች እንደገና የሚሠሩበት አገር የሁሉንም ደመወዝ በአንድ ጀምበር ሊያስተካክል አይችልም። ይህን በግልጽ መናገር፣ የሚቻለውንና የማይቻለውን በቁጥርና በጊዜ ማስቀመጥ የሚያስከብር መልስ ነው። የሚያስቀይመው የበጀትን ጉድለት በባለሙያው ሕሊና ለመሙላት መሞከር ነው።

## ማዕረግስ?

ሥራን ከገንዘብ ሌላ የሚጫነው ማዕረግ ነው፤ ይህ በእኛ ዘንድ ሥሩ ጠልቋል። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም መጥራት ያህል የቆየ ነውር ጥቂት ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ማወጃቸው ችግሩ ያኔም ምን ያህል የጎላ እንደነበር ይመሰክራል። ከመቶ ዓመት በኋላ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ የኮብልስቶን መንገድ ሥራ ሲስፋፋና ምሩቃን እንዲደራጁበት ሲደረግ የተነሣው ምሬት ሁለት ነገሮችን ደባልቆ ነበር። አንዱ እውነተኛ ቅሬታ ነው፦ ለዓመታት የተማሩት ሙያ ሜዳ ላይ ቀረ። ሌላው ግን ድንጋይ ማንጠፍን በራሱ ውርደት አድርጎ የማየት ልማድ ነበር። ያ ድንጋይ ዛሬ ጭቃ ያቦካ የነበረ ሰፈር ልጆች ጫማቸው ሳይቆሽሽ ትምህርት ቤት የሚሄዱበት መንገድ ሆኗል።

በውጭ አገር ያለው ኢትዮጵያዊም ይህን በራሱ መንገድ ያውቀዋል። በአገሩ መምህር ወይም መሐንዲስ የነበረ ሰው ዋሽንግተን አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሲሠራ ደመወዙ ከፍ ብሎ ማዕረጉ ይወርዳል። ብዙዎች ይህን የሚሸከሙት የሥራውን ትርጉም ከሥራው ውጭ ባለው ነገር ላይ፣ በሚያስተምሩት ልጅና ለእናት በሚላከው ገንዘብ ላይ በማኖር ነው። ይህም እውነተኛ ትርጉም ነው፤ «እንጀራዬ ነው» ብሎ መሥራትን እንደ ዝቅተኛ ደረጃ የሚቆጥር ትንታኔ ይህን አያይም።

## ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

አልበርት ሂርሽማን የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1970 አንድ ተቋም ሲበላሽ ሰዎች ያሏቸውን ምርጫዎች አስቀምጧል፦ መውጣት፣ መናገር። ታማኝነት በሁለቱ መካከል ይገባና ሰው ቶሎ እንዳይወጣ፣ ይልቁንም እንዲናገር ያደርገዋል። ንግግር ሲዘጋ የሚቀረው መውጣት ነው። ሐኪሙ ወደ ሌላ አገር፣ መምህሩ ወደ ንግድ፣ የመንግሥት መሐንዲሱ ወደ ግል ድርጅት ይሄዳል። መሄድ ያልቻለው ደግሞ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ የግል ክሊኒክ ስለሚጠብቀው ጠዋቱን ያጣድፋል፤ ወይም «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ክፉ ምክር መስማት ይጀምራል። ጉቦ የሥነ ምግባር ውድቀት ነው፤ ይሁን እንጂ በደመወዝና በኑሮ መካከል ያለው ገደል በሰፋ ቁጥር ወደ ጠርዙ የሚጠጋው ሰው ይበዛል።

የመስከረም 2018ቱ ጭማሪ ይህን በከፊል ያቀልላል፤ ምን ያህል የሚለውን የዋጋ ንረቱ ይወስነዋል። ነገር ግን ሄርዝበርግ እንዳለው ቅሬታን ከማንሣት አያልፍም። በክፍሉ ውስጥ ጓንት ከሌለ፣ መምህሩ የክፍሉን አያያዝ መወሰን ካልቻለ፣ ሠራተኛው ቀኑን በሪፖርትና በግምገማ ካሳለፈ ደመወዙ ቢያድግም የሚያድገው ደመወዙ ብቻ ነው። መናገርን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የሠራተኞችን የመደራጀትና ሥራ የማቆም መብት ይጠቅሳል፤ የትኞቹ የመንግሥት ሠራተኞች የመብቱ ተጠቃሚ እንደሚሆኑ ግን ለዝርዝር ሕግ ይተዋል። ሆስፒታል ሲዘጋ የሚሞት ሰው ስላለ ገደቡ ምክንያት አለው። ያው ምክንያት ግን ሥራ ማቆም ለማይፈቀድለት ሰው ጥያቄው የሚሰማበት ሌላ አስተማማኝ በር እንዲኖር ያስገድዳል።

በዚያ ግንቦት ጥያቄ ያነሡት ሐኪሞችና ነርሶች ከሁሉ በፊት ያልሄዱት ናቸው። ፓስፖርታቸውን ይዘው የወጡት ባልደረቦቻቸው ምንም ዓይነት አቤቱታ አላስገቡም።